ወለላን ያፈናቀለው አውሮፕላን

እኔ በአውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በተከራየሁት ግቢ፣ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር፣ አንዲት ላም ታስራ ስታመሰኳ ያየ ሁሉ "ምን ሆነህ ነው?" ይለኝ ነበር። "በአውሮፕላን ምክንያት ነው" ብዬ ስመልስ ግንባሬን ሊዳብስ ይቃጣው ነበር። ጤነኛ ነኝ። ላሟም ጤነኛ ናት። ጤና ያጣው ሌላ ነገር ነው፤ ተቀመጡና ልንገራችሁ።

ሥራዬ የባጃጅ መለዋወጫ መሸጥ ነው። ከመሬት ከፍ የሚያደርገኝ መጓጓዣ ቢኖር ወደ ቡሬ የሚሄደው ሚኒባስ ብቻ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከመቀመጫዬ ተነስቼ ጣሪያውን በአናቴ ስሜ እመለሳለሁ። የእኔ በረራ እንግዲህ ይኸው ነው። ለዚህ በረራዬ ዛፍ የተከለልኝ ሰው የለም፤ እኔም ትከሉልኝ ብዬ ማንንም አላስቸገርኩም።

ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው። ባላቸው ካረፉ በኋላ መንኩሰው እማሆይ ወለተ ሚካኤል ተባሉ፤ እኛ በአጭሩ እማሆይ እንላቸዋለን። ቤታቸው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው። ሀብታቸው አንዲት ላም ናት፤ ስሟ ወለላ ይባላል። ለእንግዳ የሚያቀርቡት እርጎ፣ ሸጠው ዘይትና ጨው የሚገዙበት ቅቤ፣ ለእኔም በየወሩ የሚልኩልኝ ቅል ሙሉ አይብ ሁሉ የእሷ ነው። ወለላ ከሌለች እማሆይ የሰው እጅ ማየት ሊጀምሩ ነው። እማሆይን የሚያውቅ ሰው ደግሞ የሰው እጅ ከሚያዩ መሞትን እንደሚመርጡ ያውቃል።

ወለላም በተራዋ ያለ ጨፌው አትኖርም። ጨፌው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለ ረግረግ መስክ ነው። በጋ ላይ አገሩ ሁሉ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ የእሱ ሣር እንደለመለመ ይቆያል። የማንም አይደለም፤ የሰፈሩ ሁሉ ነው። ከብቱ በጋውን የሚሻገረው በእሱ ነው፤ ከብቱ ከተሻገረ ሰውም ይሻገራል።

አምና ነሐሴ መግቢያ ላይ አንድ የአስጎብኚዎች ማኅበር አቤል የሚባል ወጣት ከባሕር ዳር ላከ። እኔ ስብሰባው ላይ አልነበርኩም፤ የነገሩኝ በኋላ የቦታው ዘበኛ የሆኑት አያ ዓለምነህ ናቸው። አቤል ዝናብ እየዘነበ የፀሐይ መነጽሩን አናቱ ላይ ሰክቶ ቆመና አስረዳ። ከውጭ አገር ቱሪስት በአውሮፕላን ይመጣል። አውሮፕላኑ ጭስ ይተፋል። ጭሱ ዓለምን ያሞቃል፤ ዝናቡን ያዛባል። ስለዚህ ማኅበሩ ለእያንዳንዱ ቱሪስት የጥፋቱን ካሳ ዛፍ ይተክልለታል። እስከዚህ ድረስ ተቃዋሚ አልነበረም። ዛፍ አትትከሉ የሚል ሰው ጎጃም ውስጥ ከየት ይመጣል?

"የት ነው የምትተክሉት?" ብሎ አንድ ሰው ጠየቀ።

"እዚያ ባዶው መሬት ላይ" አለ አቤል፣ በጣቱ ጨፌውን እያሳየ።

ባዶ! ልብ በሉልኝ፣ በዚያች ሰዓት ጨፌው ላይ የሰፈሩ ከብት በሙሉ ተሰማርቶ ነበር። በሬው አለ፣ ጥጃው አለ፣ አህያው አለ፣ ወለላ ራሷ መሀል ላይ ቆማለች። ባዶ ማለት በእነሱ ቋንቋ ቱሪስት የሌለበት ማለት ይሆናል።

"ከብቶቻችንስ?" አለ ሌላው፣ በትሕትና።

አቤል ለዚህም መልስ ነበረው። ከብት ራሱ ሲያገሳ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ አየር ይበክላል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ብትቀንሱት ለዓለም ይጠቅማል አለ። እንግዲህ ተመልከቱ። አንዱ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ በሰማይ ላይ ተኝቶ፣ ምሳ ቀርቦለት፣ ፊልም አይቶ ይመጣል። ከደምበጫ እንኳ አልፋ የማታውቀው ወለላ ግን በማግሳቷ ተከሰሰች። ገበሬዎቹ ጎንበስ ብለው በጋቢያቸው ሥር ሳቁ። ሳቃቸውን እንደ ስምምነት ቆጠረው መሰለኝ፣ ስብሰባው በጭብጨባ ተዘጋ። ለነገሩ ቀበሌው አስቀድሞ እሺ ብሎ ኖሯል፤ እነሱ የተጠሩት ለማጨብጨብ ነበር።

ተከላው በጥቂት ቀን አለቀ። ከጨፌው ግማሽ የሚበልጠው በሸምበቆ ታጠረና የዋንዛ ችግኝ ተተከለበት። በየችግኙ ጎን ወፍራም የእንጨት ችካል ተመታ፤ በየችካሉ ራስ ላይ የቆርቆሮ ሰሌዳ ተቸነከረ፤ በሰሌዳው ላይ የቱሪስቱ ስምና የበረረበት ቀን ተጻፈ። አቤል ለአያ ዓለምነህ አንድ ትእዛዝ ሰጥቶ ሄደ። ከባለ ስሞቹ በቀር ማንም እንዳይገባ፤ ባለ ስሙ ግን በፈለገው ጊዜ መጥቶ ዛፉን ማየት መብቱ ነው አላቸው። ይህን ትእዛዝ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እማሆይ አልነበሩም። ፍልሰታ ነበርና ቤተ ክርስቲያን ሱባኤ ገብተው፣ ሽምብራ እየቆረጠሙ፣ ከዓለም ተለይተው ነበር። ጾሙ ተፈትቶ ወደ ቤታቸው ሲወርዱ ጨፌው ላይ በሰልፍ የቆመ ችካል አዩ። አያ ዓለምነህ በር ላይ ቆመዋል።

"አንተ ዓለምነህ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ችካል ነው፣ እማሆይ።"

"ችካልማ ዐይን አለኝ። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ምንድን ነው?"

አያ ዓለምነህ በወታደርነት ዘመናቸው የፈረንጅ ፊደል ለይተዋል። "የሰው ስም ነው፤ የፈረንጅ። ኸሥሩ ቀን አለው።"

"የምን ቀን?"

"በአውሮፕላን የመጡበት ነው አሉን።"

"ዛዲያ ሰዎቹ የት አሉ?"

"እኔ እንጃ እማሆይ። የሉም።"

"ዛፉስ ለምን ተተከለ?"

"ካሳ ነው አሉ።"

እማሆይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። በእኛ አገር ካሳ የሚባለው ነፍስ ጠፍቶ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ደም ሲደርቅ ነው። ስም አለ፣ ቀን አለ፣ ባለቤቱ የለም፣ ካሳ ተከፍሏል። የቀረው ነገር ምን አለ?

"አውሮፕላኑ ወድቆባቸው ነው" አሉ እማሆይ። "ኸነስማቸው እዚህ አሳረፏቸው። አየ የሰው አገር ሞት! አልቃሽ እንኳ የሌላቸው!" ብለው እዚያው ቁጭ ብለው አለቀሱ።

አያ ዓለምነህ እንዲያ እንዳልሆነ ጠርጥረዋል፤ ግን የአቤልን ንግግር እሳቸውም በደንብ አልተረዱትም፤ የምታለቅስ መነኩሲት ደግሞ አትታረምም። ውለው ሲያድሩ ራሳቸውም አመኑት፤ በችካሎቹ መሀል ሲያልፉ ቆባቸውን ማውለቅ ጀመሩ። የሰፈሩ ሴቶች ከቅዳሴ ሲመለሱ በአጥሩ በኩል "ነፍስ ይማር" ብለው ያልፋሉ። ከብቱን ወደዚያ የሚነዳ ጠፋ። መቃብር ላይ ከብት የሚያሰማራ ሰው እንዴት ይገኛል? በጋ ሲገባ ደግሞ እማሆይ ከምንጩ በእንስራ ውሃ እየቀዱ፣ አንድ በአንድ እየዞሩ አጠጧቸው። የሙት አደራ ነዋ።

ስለዚህ ምን ሆነ መሰላችሁ? በሌላ ቦታ የማኅበሩ ችግኝ በፀሐይ ሲደርቅ፣ በፍየል ሲበላ፣ የእኛ ጨፌ ዋንዛ ተመነደገ። አቤል መጥቶ አይቶ ማመን አቃተው። "ኮሚዩኒቲው አስገራሚ ነው!" እያለ ፎቶ አነሳ። ፎቶው በየአገሩ ለባለ ስሞቹ ተላከ። እማሆይ ያለቀሱበት እንባ ለማኅበሩ ማስታወቂያ ሆነ።

የተረፈው ሣር ለዚያ ሁሉ ከብት ስለማይበቃ በጥር አለቀ። አንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት እማሆይ በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ ወለላን በገመድ ይዘው ከበሩ ላይ ቆመዋል።

"ኸሙታን ራስ ላይ ሣር አልነጭም" አሉኝ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ። "ኸተማ ገለባ ይገኛል አሉ። እንካ፣ ያዝ።"

ገመዱን ሰጡኝና በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመለሱ።

ላም በከተማ ምን እንደሆነ ያላየ አይፈርድም። አከራዬ እትየ ስንቄ ግቢያቸውን በቀን ሁለቴ የሚያስጠርጉ ሴት ናቸው። ወለላ በገባች በሳምንቱ ከገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላቸውን አኝካ ጨረሰችው፤ ገለባ መስሏት እንዳይመስላችሁ፣ ከንዴት ነው። ጎህ ሲቀድ መጮህ ትጀምራለች። ጩኸቷን እኔ አውቀዋለሁ፤ ጨፌውን ነው የምትጠራው። ሱቄ የግቢው በር ላይ ነውና ደንበኛ የባጃጅ መቀመጫ ልብስ ሊመርጥ ሲገባ እበት በጫማው ይዞ ይወጣል። "አንተ ልጅ፣ ላሟ ወይ አንተ!" አሉኝ እትየ ስንቄ። ወተቷን እንዳላቀርብላቸው ደግሞ በምግብ እጦት ደርቃለች፤ የምትሰጠው የሻይ ብርጭቆ አይሞላም። የወለላ ጎድን አጥንት በቆዳዋ ሥር ሲቆጠር ሳይ ልቤ ተሰበረ። እማሆይም ያን ሰሞን ለዳቤ ዳቦ የሚሆን ቅቤ ከጎረቤት ተበድረው ኖሯል፤ ይህን ስሰማ እንደ እሳት ነደድኩ።

ሄጄ ችካሎቹን አየኋቸው። አሥረኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት እንግሊዝኛ ለዚያ በቃኝ። የመቃብር ጽሑፍ አይደለም። እማሆይን ከንስሐ አባታቸው ከቄስ ጥበቡ ጋር በአንድ ላይ አስቀምጬ ነገሩን ዘረዘርኩት።

"አልሞቱም እማሆይ። በአውሮፕላን ጭስ አጭሰው ነው። ዛፉ ጭሱን ይጠጣላቸዋል።"

"እነሱስ መብረሩን ተዉ?"

"አልተዉም።"

"ደግሞ ይበርራሉ?"

"ይበርራሉ። ደግሞ ይተክላሉ።"

እማሆይ ወደ ቄስ ጥበቡ ዞሩ። "አባቴ፣ ይህ ንስሐ ይባላል?"

ቄስ ጥበቡ ጢማቸውን ዳበሱ። "አንድ ሰው መጥቶ 'አባቴ በድያለሁ፣ ነገም እበድላለሁ፣ ቀኖናየን ግን ያች ባልቴት ትስገድልኝ' ቢለኝ፣ በዚህ መቋሚያ ነበር እስተ ወንዙ የማባርረው" አሉ።

ደስ አለኝ። ተረዱኝ አልኩ። እማሆይ ግን ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ።

"ልጄ፣ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም። እሱ በልቶ ሌላውን አያስጾምም። በሕይወት ያለ ሰው፣ ኅሊና ያለው፣ እንዲህ አያደርግም። ሞተው ነው።" ቆይተውም "አንተ በዐይንህ አይተሃቸዋል?" አሉኝ።

"አላየኋቸውም።"

"እንግዲያው የሙት ስም አታጥፋ።"

ይኸው ነው። እማሆይ ለሰው ልጅ ካላቸው ግምት የተነሣ ሰዎቹን በሕይወት ለማኖር እምቢ አሉ። እንዲያውም በሰሌዳው ቀን ሲቆጠር ሙት ዓመታቸው ደርሷልና ዝክር እናዘክራለን ብለው ሴቶቹን አስተባበሩ። ቄስ ጥበቡ ፍትሐት እንደማይደረግ አስረዱ፤ ለድሃ ስለ እነሱ ማብላት ግን አይከለከልም አሉ። ቀኑም ከትንሣኤ በኋላ ባለ አንድ እሑድ ሆነ። ለእኔ የደረሰኝ ትእዛዝ "ወለላን ይዘህ ና" የሚል ነበር፤ የእንግዳው ሁሉ ልብ ያለ እርጎ አይረጥብም ብለው፤ መድረቋን አልነገርኳቸውም ነበር።

ወለላን እየነዳሁ በአስፋልቱ ዳር በእግሬ ሄድኩ። የአዲስ አበባ አውቶቡስ በመስኮት ሳቀብኝ። ያን ቀን በዓለም ላይ ካሉት መንገደኞች ሁሉ ጭስ ያላጨስኩት እኔ ነበርኩ። ወለላ መንገድ ላይ አግስታለች፤ እሱን አልክድም።

በዝክሩ ቀን ከጨፌው አጥር ውጭ ዳስ ተጥሎ፣ ጠላ ተቀድቶ፣ ድሃው ተቀምጦ ሳለ አንድ ነጭ መኪና መጣ። አቤል ወረደ። ከኋላው ቁምጣ የለበሰ፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ፣ ረጅም ፈረንጅ ወረደ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ለሐዘን የመጣ ዘመድ ነዋ! ከዚያ ሁሉ ሟች ዘመድ አንዱ እንኳ ብቅ ማለቱ ሴቶቹን አስለቀሳቸው። ሽማግሌዎች እጁን በሁለት እጃቸው እየያዙ "እግዜር ያጽናህ" አሉት። ፈረንጁ ልቡ ተነካ። የአቀባበሉ ሙቀት መስሎት እሱም ዐይኑን ጠረገ፤ አቤል በስልኩ ይቀርጻል። አስቀመጡት፣ አጎረሱት፣ ጠላ ሰጡት። ስሙ ሄንድሪክ ነው አለ አቤል። አያ ዓለምነህ ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ።

ሄንድሪክ እንደጠገበ ተነሣና ወደ አጥሩ ገባ። ከችካል ችካል እየተዘዋወረ ሰሌዳ አነበበ። አንዱ ጋ ሲደርስ እጁን አጨበጨበ። ሰሌዳውን በጣቱ ነካ፤ ቀጥሎ የገዛ ደረቱን ነካ፤ ጥርሱን አሳየን።

ሴቶቹ አማተቡ።

እማሆይ ተነሡ። በመቋሚያቸው እየተደገፉ ሄደው ክንዱን ያዙት። ጨበጥ አደረጉት። "ይሞቃል" አሉ ወደ እኛ ዞረው። "ላቡ እንኳ አለ።" ከዚያ ቀስ ብለው "እስቲ ጠይቀው፣ ምን አመጣው?" አሉት አቤልን።

"ዛፉን ሊያይ ነው የመጣው፣ እማሆይ" አለ አቤል በኩራት። "ፎቶውን ሲያይ በጣም ተነካ። ለዚህ ብሎ ነው ኸአገሩ ድረስ የመጣ።"

"በምን መጣ?" አልኩ እኔ፣ መልሱን እያወቅሁ።

"በአውሮፕላን ነዋ!"

ከዚህ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ አልጽፈውም፤ ቄስ ባለበት የተናገርኩትን ወረቀት ላይ ልደግመው አልችልም። ለአውሮፕላን ካሳ የተተከለን ዛፍ ለማየት በአውሮፕላን! እጁን ለመታጠብ ብሎ ጭቃ የሚያቦካ ሰው አይታችኋል? የእሱ ጭስ ወደ ሰማይ፣ የእሱ ዛፍ ወደ ጨፌያችን፣ የእኛ ላም ወደ እትየ ስንቄ አንሶላ! ሲበርሩ አላዩንም፤ መትከያ ሲፈልጉ አዩን።

አቤል ግን አልተደናገጠም። "ኖ ፕሮብሌም፣ ጋሼ። ለአሁኑ ጉዞውም ሌላ ዛፍ ይተከልለታል።"

"ሲመለስስ?"

"ለሱም አንድ።"

የሰፈሩ ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ። ያየው አቤልን አይደለም፤ ሄንድሪክንም አይደለም። ከአጥሩ ውጭ የቀረችውን ጥቂት ሣር ነው።

እማሆይ የፈረንጁን ክንድ ለቀቁ። "ንገረው" አሉት አቤልን። "ሙት መስሎኝ ነው ውሃ ተሸክሜ ያጠጣሁት። ሙት መስሎኝ ነው ላሜን ያሰደድኩ። ለሙት መሬት አልነፍግም፤ ለሕያው ግን ላሜ ትቀድማለች። እንኳንም አልሞተ፣ ዕድሜ ይስጠው፤ ጥፋቱን ግን እቤቱ ያኑረው። እቤቱ ቁጭ ቢል ኖሮ ጭስ የለ፣ ዛፍ የለ፣ እኔም ቅቤ አልበደር። ዓለምነህ፣ በሩን ክፈት።"

አቤል ወደ ሄንድሪክ ዞሮ በእንግሊዝኛ የተናገረው ግን አጭር ነበር። "በመምጣትህ ደስ ብሏቸዋል" ነው ያለው። ሄንድሪክ ጎንበስ ብሎ የእማሆይን እጅ ሳመ።

አያ ዓለምነህ ወደ እማሆይ አዩ፣ ወደ አቤል አዩ፣ በሩን ከፈቱት። ወለላን የነዳት ሰው አልነበረም። ከእጄ ገመዱን ነጥቃ፣ በሩን በደረቷ አስፍታ፣ በዚያ ሁሉ ለምለም ሣር መሀል አልፋ ሄንድሪክ ወደ ቆመበት ሄደች። ዋንዛውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ጫፉን ነከሰች፤ ቀጥላ ቅጠሉን ገፈፈች፤ የተረፈውን ግንድ በቀንዷ አጋደመችው። በመጨረሻ አንገቷን ቀና አድርጋ በሄንድሪክ ፊት ለፊት አገሳች።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሄንድሪክም ሳቀ። እኔ ግን የአቤልን ፊት ሳይ ሳቄ ቆመ፤ በጣቶቹ እየቆጠረ ነበር። "እንግዲህ የአምናው በረራም አልተካሰም ማለት ነው" አለ። "ለሱም ምትክ ይተከላል።"

ሄንድሪክ ሄደ፤ በምን እንደሄደ አልነግራችሁም። አገሩ ገብቶ ለወዳጆቹ ምን እንዳወራ፣ የዝክሩን ነገር መንገድ ላይ ካስረዳው ከአቤል ሰማሁ። በሕይወቴ ሳለሁ የሚያለቅስልኝ፣ ዝክር የሚዘክርልኝ፣ እጄን ይዞ የሚያጽናናኝ ሕዝብ አግኝቻለሁ ብሏል። ወዳጆቹ ሁሉ ይህን ለማየት ቋመጡ። ማየት ደግሞ መብረር ነው፤ መብረርም መትከል። እኛ ጋ እንደገና ስብሰባ ተጠራ፤ እንደገና ተጨበጨበ። የሸምበቆው አጥር በእሾህ ሽቦ ተተካ። ወለላ ወደ እኔ ግቢ፣ እኔም ወደ እትየ ስንቄ ቁጣ ተመለስን። ክረምት ሲገባ የተረፈችው ሣር ላይም ችካል ተመታባት፤ ከጨፌው ዳር እስከ ዳር የሰው ስም ሆነ።

ዘንድሮ ፍልሰታ ተፈትቶ እማሆይ ከሱባኤ ሲወርዱ እኔ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። አያ ዓለምነህ ከሽቦው ወዲያ እየሮጡ መጡ።

"እማሆይ፣ ኸአዲሶቹ ችካሎች አንዱ በአማርኛ ነው" አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። "የእርስዎ ስም ነው።"

ገብተን አየን። ሄንድሪክ በውለታ መልክ፣ ስጦታ ይሁናቸው ብሎ፣ በእማሆይ ስም ዛፍ አስተክሏል። ሰሌዳው ላይ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ይላል፤ ከሥሩ ቀን አለው። ደግሞ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ልደግፋቸው ተጠጋሁ።

እማሆይ ሰሌዳውን ሁለቴ አስነበቡኝ። "እኔ የት በርሬ ነው?" አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ፈገግ አሉ። "ለሞትም ኸሆነ ቀድሜዋለሁ። ስመነኩስ ተገንዤ፣ ፍትሐት ተደርጎልኝ ሞቻለሁ። ሁለተኛ አልቀበርም።" መቋሚያቸውን አንሥተው ችካሉን መታ መታ አደረጉት። አልነቃነቅ አለ፤ ጥሩ አድርገው ነው የመቱት። "ዓለምነህ፣ ባለ ስሙ በፈለገ ጊዜ ይገባል ነው የተባልከው?"

"እንዲያ ነው እማሆይ።"

"እንግዲያው ባለ ስሟ መጥታለች።" ወደ እኔ ዞሩ። "ሂድና ወለላን አምጣት። ጠንካራ ገመድም ያዝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወለላ በእማሆይ ስም ችካል ላይ ታስራ ትግጣለች። አቤል መጥቶ ጮኸ፤ እማሆይ ሰሌዳውን አሳዩት፤ ወደ መኪናው ተመለሰ። የሰፈሩ ገበሬ ሁሉ አሁን የሚለምነው አንድ ነገር ነው፤ የገዛ መስኩ ላይ ከብቱን የሚያስርበት፣ ስሙ የተጻፈበት አንዲት ችካል። ለዚያ ግን በአውሮፕላን የሚመጣ ውለታ መላሽ ያስፈልጋል። አያቶቻቸው ያለ ማንም ፈቃድ ከብት ያበሉበትን መስክ፣ እነሱ አንድ ፈረንጅ በፍቅር እንዲያስታውሳቸው እየተመኙ ይጠብቁታል።

ባለፈው እሑድ እማሆይ ጋ ሄጄ ከሽቦው ዳር ተቀምጠን ሳለ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ድሮ ልጆች "አውሮፕላን! አውሮፕላን!" እያሉ እጃቸውን ያወዛውዙለት ነበር። አሁን ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ ቀና ይልና ወዲያው ወደ መሬት ያያል፤ የቀረ ቦታ እንዳለ ሊያረጋግጥ። እማሆይም አዩ፣ እኔም አየሁ። ወለላ ግን ቀና አላለችም። ገመዷ እስከሚደርስበት ያለውን ሣር በክብ ላጭታ ጨርሳዋለች። ገመዱን ወጥራ፣ አንገቷን ዘርግታ፣ ምላሷ ሊደርስበት ጥቂት የቀረውን የሌላ ሰው ስም ሥር ያለ ሣር ታያለች።